ከእንግዳ ያመለጠ

«ሃያ ዓመት? ምነው፣ ሰው ሞቶባቸው ነው?» አሉ አማቴ።

ነገሩ የመጣው በሁለት ጠርሙስ ነው። ለንደን የሚኖረው የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ለጥር 23 የፈረስ በዓል እንጅባራ መጣና፣ ሻንጣውን ከፍቶ በካልሲ የተጠቀለሉ ሁለት ጠርሙሶች አወጣ። ባንዱ ላይ 10፣ በሌላው ላይ 20 ተጽፎበታል። «ፖርት ነው፤ የፖርቱጋል ጣፋጭ ወይን። ይሄ 10 ዓመት፣ ይሄ ደግሞ 20 ዓመት በርሜል ውስጥ የቆየ» አለ፤ አራስ ልጅ እንደሚታቀፍ አቅፎ።

አማቴ በዚያው ዕለት ከዳንግላ አንድ ጀሪካን ጠጅ በሚኒባስ አስጭነው መጥተዋል። ጠጁ ከተጣለ ሦስት ሳምንቱ ነው። እሱንም «ደርሷል፤ እንዳይሆመጥጥ ፍጠኑ» እያሉ ነበር የሚያጣድፉን። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው 20 ዓመት ያልተጠጣ መጠጥ አለ ሲባል የሚታየው አንድ ምክንያት ብቻ ነው። ለሠርግ የተደገሰ መጠጥ ሳይነካ የሚቀረው ድንኳኑ ለሌላ ነገር ሲውል ነውና።

«እማዬ፣ ማንም አልሞተም። ሆን ብለው ነው የሚያስቀምጡት።»

«ሆን ብለው!» አሉና ነጠላቸውን መልሰው አጣፉ። ከሞቱ ይልቅ ይሄኛው አስደነገጣቸው።

እውነት ለመናገር እኔም አልተዋጠልኝም። እኛ ቤት የሚያረጅ ነገር ጠፍቶ አይደለም። የድንበር ክርክር ያረጃል፤ ብድር ያረጃል፤ «ነገ እከፍላለሁ» የተባለ የዕድር ቅጣት ሽበት ያወጣል። መጠጥ ሲያረጅ ግን አይቼ አላውቅም። የሚያረጀው ጠጪው ነው።

በበዓሉ ዕለት ጠርሙሶቹን መክፈት የማይታሰብ ነበር። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ጥር 23፣ የጊዮርጊስ ዕለት፣ ዓድዋ የዘመቱት ፈረሶች ይዘከሩበታል። ፈረሱ በሽልማቱ አጊጦ ሜዳውን ሲያርሰው ይውልና፣ ማታ ፈረሰኛው ከነአለንጋው በየዘመዱ ቤት ይገባል። ከአንከሻ መጣ፣ ከዚገም መጣ፣ ከባንጃ መጣ፤ በጨለመ ጊዜ ሰባት ቤት አገው ሰባቱም ተጠራርቶ እኛ ቤት የገባ መሰለኝ። ጀሪካኑ ገና ራት ሳይቀርብ ባዶውን በጎኑ ተኛ። የባለቤቴ ወንድም ሁለቱን ጠርሙሶች አልጋ ሥር ከትቶ፣ አልጋው ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀመጠበት። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር የገባኝ፦ ያረጀ መጠጥ ማለት ከእንግዳ ያመለጠ መጠጥ ማለት ነው። ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው።

በማግስቱ ምሽት፣ የመጨረሻው ፈረስ ከደጃችን ሲወጣ፣ በሩን ዘግተን ከበን ተቀመጥን። ጎረቤታችን አያ ሳይጠሩ መጡ። ጠርሙስ ሲከፈት በሦስት ግድግዳ ተሻግሮ የሚሰማ ጆሮ አላቸው። በዚያ ላይ የአባት ያህል ናቸው፤ ማን «ምን ፈለጉ?» ይላቸዋል?

የባለቤቴ ወንድም ቡሹን እየነቀለ ማስረዳት ጀመረ። ወይኑ የሚበቅለው በሰሜን ፖርቱጋል፣ አንድ ወንዝ ተከትሎ በተቆለለ የእርከን መሬት ላይ ነው።

«ወንዙ ማን ይባላል?» አሉ አያ።

«ዱሮ።»

«የዱሮ ወንዝ! ታዲያ መጠጡ ቢያረጅ ምን ይገርማል።»

የወይኑ ጭማቂ ሲፈላ፣ የስኳሩ እኩሌታ እንኳ ገና ወደ አልኮል ሳይለወጥ፣ 77 በመቶው አልኮል የሆነ የወይን አረቄ ይደፉበታል። እርሾው ይሞታል፤ ጣፋጭነቱ እንዳለ ይቀራል፤ ኃይሉ ወደ 20 በመቶ ይወጣል። አንዱ ምክንያታቸው በመርከብ ወደ እንግሊዝ ሲጓዝ እንዳይበላሽ ነበር አሉ። በ1756 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የፖርቱጋል መንግሥት የወይኑን አገር ድንበር ከልሎ፣ ከዚህ ውጭ የበቀለ ፖርት አይባልም ብሎ ደነገገለት።

አማቴ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ጠጅ እየፈላ አረቄ ይገለብጡበታል? ይሄንንማ የሰካራም ባል ነው የሚያደርገው!»

እውነታቸውን ነው። ልዩነቱ ይሄን የሚያደርግ ባል እኛ ጋ ደጅ ማደሩ፣ እነሱ ጋ ድንበር የሚከለልለት መሆኑ ነው።

ቀጥሎ የዕድሜው ጉዳይ ተነሳ። ጠርሙሱ ላይ 20 ስለተጻፈ ወይኑ በሙሉ 20 ዓመቱ ነው ማለት አይደለም። ልጅም ሽማግሌም ወይን ይደባለቃል፤ ከዚያ ፖርቶ ከተማ ባለው የወይኑ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ቀማሾች አሉ፤ እነሱ ቀምሰው «የሃያ ዓመት ጠባይ አለው» ሲሉ ነው ቁጥሩ የሚጸናለት። ይህን ስሰማ ፖርቱጋል ዘመድ አገር ሆነችብኝ። እኛስ መታወቂያ ስናወጣ እንዲሁ አይደለም እንዴ? አያ ራሳቸው ቀበሌ ሄደው ዕድሜ ሲጠየቁ «ጣሊያን ሲወጣ ጥጃ እጠብቅ ነበር» አሉ፤ ጸሐፊው ቀና ብሎ ጠባያቸውን አየና ቁጥር ጻፈላቸው። ልዩነቱ እሳቸውን ማንም አለመቅመሱ ነው።

የመጠጫው ነገር ትንሽ አከራከረን። እንግዳችን ቀጭን እግር ያለው ብርጭቆ ፈለገ። ቤታችን ያለው የሻይ ብርጭቆና ብርሌ ነው። ባለቤቴ ብርሌውን አመጣች። ወንድሟ መጀመሪያ ፊቱን አጨማደደ፤ ኋላ ግን አዙሮ አዙሮ ሲያየው ዝም አለ። ሆዱ ሰፊ ነው፣ አንገቱ ጠባብ ነው፣ ሽታውን ይዞ ወደ አፍንጫ ብቻ ይልካል። ለንደን ላይ ለዚህ ሥራ ብዙ ብር የሚከፈልበት ብርጭቆ አለ አለን። ቅዝቃዜውም ተመችቶታል። ይህ ወይን ከምድር ቤት እንደወጣ ቀዝቀዝ ብሎ ነው የሚጠጣው፤ እንጅባራ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ተቀምጣ ጓዳዋም ሳሎኗም መኝታ ቤቷም ምድር ቤት ነው። እዚህ ችግሩ ሰውን ማሞቅ እንጂ መጠጥን ማቀዝቀዝ አይደለም።

አማቴ ሊቀዱ ተነሡ። መጀመሪያ ጥቂት በመዳፋቸው ጠብ አድርገው ፉት አሉ። አሳላፊ ከመዳፉ ሳይቀምስ ለሰው አይቀዳም፤ መርዝ እንደሌለበት በራሱ ሆድ ይመሰክራል። ልጃቸው ይህን አይቶ አንድ ነገር ትዝ አለው። በርሜል ውስጥ የሚያርፍ ወይን በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት በእንጨቱ በኩል ይተናል፤ ፈረንጆቹ ይህን «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል።

«ሐሰት ነው» አሉ አማቴ፤ መዳፋቸውን እየጠረጉ። «ጋን ሲጎድል የምናውቀው እኛ ነን። የቀዳጅ ድርሻ ነው። በመልአክ ምን አላከካቸው?»

የ10 ዓመቱ ቀደመ። መልኩ የሸክላ ጡብ ነው፤ ቀይ ሆኖ ጠርዙ ላይ ቡና ቡና ይላል። ጣዕሙ ዘቢብ ነው፤ ከኋላው ሞቅ የሚያደርግ እሳት አለው። ባለቤቴ «አክሱሚትን ይመስላል፤ አክሱሚት ግን ትምህርት ቤት ሄዶ ሲመለስ» አለች። ደጅ ቆሞ የነበረው የአያ የልጅ ልጅ ይህን ሰምቶ «ታዲያ በኮካ ይበጠበጥ?» ቢል የባለቤቴ ወንድም ጠርሙሱን ወደ ደረቱ ሳበ። ለነገሩ ልጁ አልተሳሳተም። ወይን በኮካ ስንበጠብጥ ያደግን ሕዝብ ነን፤ 10 ዓመት የጠበቀ ነገር በአንድ ደቂቃ ማስረጀትም ማሳደስም እንችላለን።

ቀጥሎ የ20 ዓመቱ ተቀዳ። ቤቱ ጸጥ አለ።

አንዱ የተቆላ ለውዝ ሸተተኝ አለ። ባለቤቴ የብርቱካን ልጣጭ አለች። እኔ ድስት ሥር የያዘ ስኳር ታየኝ። አያ ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ ቆዩና «ኮርቻ» አሉ፤ ከበዓሉ ገና አልወጡም መሰለኝ። አማቴ ብቻ አልቀመሱም። ብርሌውን ወደ አምፖሉ አንሥተው እያገላበጡ ያዩታል። ከዚያ ብርሌውን አስቀመጡና እጃቸውን ወደ ጉያቸው ከትተው አንድ ሃይላንድ ጠጅ አወጡ! ትናንት ያ ሁሉ ፈረሰኛ «አለቀ ወይ?» ሲል «ጠብታ የለም» ብለው የማሉበት ጠጅ ነው። ሌላ ብርሌ አስመጥተው ቀዱና ጎን ለጎን አቆሟቸው።

አንድ ናቸው። ሁለቱም ወርቅማ፣ ሁለቱም ቡኒ ቢጤ፣ ብርሃን ሲያልፍባቸው ሁለቱም ማር።

«እዩት!» አሉ። «ሃያ ዓመት ለፍተው የኔን የሦስት ሳምንት መልክ አመጡ!»

ልጃቸው ሊከራከር አፉን ከፈተና ተወው። ምክንያቱም የተናገሩት ልክ ነው። ፖርት ሲወለድ ቀይ ነው። በትንሽ በርሜል ሲቀመጥ አየር በእንጨቱ በኩል ቀስ እያለ ይገባበታል፤ ቀለሙን እያጠበ፣ ቅላቱን እየወሰደ፣ ዓመት በጨመረ ቁጥር ወደ ቡኒና ወደ ወርቅ ይመልሰዋል። የወይን እርጅና ማለት ወደ ጠጅ መልክ መሄድ ነው። አማቴ ግን ከዚያ ነው የሚጀምሩት።

ደግሞ እሳቸውስ ቸኩለው ነው እንዴ የሚሠሩት? ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፤ በወይራ ይታጠናል። ማሩ ከነሰፈፉ በውሃ ይበጠበጣል፤ አንድ እጅ ማር ለሦስት ወይም ለአራት እጅ ውሃ። ብርዙ ሲነሣ ጌሾው ይገባል፤ በቀኑም ይወጣል። በየማለዳው ጆሯቸውን ጋኑ ላይ ጥለው ያዳምጡታል። «ገና እያወራ ነው» ይላሉ። ዝም ሲል በጨርቅ ያጠሉታል። የልጅ ጋጋታ፣ የውሻ ጩኸት፣ የጎረቤት ጠብ ባለበት ቤት ጠጅ ሲናገር ለይቶ መስማት የ20 ዓመት ትምህርት አይደለም ትላላችሁ? እነሱ መጠጡን ያስረጃሉ፤ እኛ ጠማቂዋን።

ጨዋታው ሲሞቅ የባለቤቴ ወንድም የእንግሊዞቹን ሥርዓት አመጣ። ፖርት በገበታ ዙሪያ ወደ ግራ ብቻ ይዞራል። አንዱ ጨዋታ ይዞት ጠርሙሱን አጠገቡ ቢያስቀር «አምጣው» ማለት ነውር ነው፤ «የኖርዊችን ጳጳስ ያውቋቸዋል?» ተብሎ ነው የሚጠየቀው። የገባው ሰው ደንግጦ ያሳልፋል። አያ ይህን ሲሰሙ በጣም አዘኑ። ጠርሙስ በራሱ የሚዞርበት አገር የማን አገር ነው? እኛ ጋ ጠርሙሱ በአሳላፊ እጅ ነው፤ ሰው ደግሞ አስቀረ ተብሎ አይታማም፤ እንቢ አለ ተብሎ ነው የሚታማው። ጳጳስ አይጠራበትም፤ «በሞቴ» ይባልበታል፤ ያ ካልበቃ «እናትህ ትሙት» ይከተላል።

«ዳንግላም እኮ የእንግሊዝ ቆንስል ነበረባት» አልኩ፤ ያነበብኩትን ሳልናገር እንዳይቀርብኝ። «ሜጀር ቺስማን ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. እዚያ ተቀምጦ ጣናንና ዓባይን ያጠና፣ መጽሐፍም የጻፈ።»

«ዘጠኝ ዓመት ዳንግላ ከተቀመጠማ» አሉ አማቴ፣ «መቼም ጠርሙስ አላስረጀም።»

ብሩስንም አነሣሁባቸው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በኅዳር 1770 እ.ኤ.አ. ጎረቤታችን ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ደረሰ። ምንጩ ላይ ቆሞ በኮኮናት ቅርፊት ውሃ ቀድቶ ለንጉሡ ለጊዮርጊስ ሦስተኛ ጤና ጠጣ። ያው ብሩስ ነው የዳሞት አገው ለጎንደር ንጉሥ በየዓመቱ 1,000 ደብራ ማር ይገብራል ብሎ የጻፈው፤ አንዱ ደብራ 60 ፓውንድ ገደማ የሚይዝ ትልቅ ሸክላ ነው። ብታሰሉት 270 ኩንታል ማር ይወጣዋል።

«በዚህ ሁሉ ማር መሀል እንግዳውን ውሃ አጠጡት?» አሉ አማቴ፤ በ1770 ሰዎች ተሸማቀው።

አያ ደግሞ ሌላው ነገር ነው የታያቸው። «እንግዲህ መጠጣችን የማያረጅበት ምክንያቱ ተገኘ። ከእንግዳ ቢያመልጥ ከግብር አያመልጥም።»

ከሁሉም ልቤን የነካኝ ግን የመጨረሻው ወሬ ነው። እንግሊዝ አገር ባለጸጋ የክርስትና አባት፣ ልጁ ሲወለድ አንድ በርሜል ፖርት፣ 550 ሊትር ገደማ፣ ገዝቶ ያስቀምጥለት ነበር። ልጁ 21 ዓመት ሲሞላው ይከፈታል። አያ «እኛ ጥጃ ነው የምንሰጠው» አሉ። «ጥጃ በ21 ዓመት መንጋ ይሆናል። የነሱ በርሜል በ21 ዓመት ያው በርሜል ነው፤ እሱም መልአክ ካልጠጣው።» ይሁን እንጂ እኔ በዚያች ሰዓት ቆረጥኩ። ከ20 ዓመቱ ገና እኩሌታው አለ። የባለቤቴ ወንድም እንዳለው ይህ ዓይነቱ በርሜል ውስጥ አየር የለመደ ስለሆነ ከተከፈተም በኋላ ቀዝቃዛ ቦታ ጥቂት ሳምንታት ይቆያል። የ8ኛ ክፍሉ ልጃችን ሚኒስትሪ ሲያልፍ በአንድ ብርሌ ልመርቀው። 21 ዓመት ባልችል አምስት ወር አያቅተኝም፤ ጥቂት ሳምንት ያሉትን እኔ በእንጅባራ ብርድ ላስረዝመው። የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል አይደል?

ጠርሙሱን ጓዳ፣ ከሽሮው እንስራ ኋላ ቀበርኩት። አማቴ በማግስቱ ወደ ዳንግላ ሲሳፈሩ በመስኮት ብቅ ብለው «ባዶውን እንዳትጥሉ» አሉኝ። «ባዶ አይሆንም እማማ» አልኳቸው። ሳቁ።

በሦስተኛው ቀን የነፍስ አባታችን ጠበል ሊረጩ መጡ። ባለቤቴ ጠላ አለመኖሩን በዓይኗ ነገረችኝ፤ እኔም አልገባኝም ብዬ ወደ ጣሪያው አየሁ። «እንግዳ መጥቶ ጠርሙስ ይታቀፋል?» አለች ጓዳ ጠርታኝ። ቀዳሁ። አባ ባርከው ቀመሱና ይህን ቤት እግዚአብሔር ያስረጀው ብለው መረቁን፤ ምርቃቱ ለቤቱ እንጂ ለጠርሙሱ አልሆነም። በስድስተኛው ቀን የዕድር ዳኛው ያረጀውን ቅጣቴን ሊጠይቁ መጡ። አንድ ብርሌ ቀዳሁ፣ ቅጣቱ ለአንድ ወር ተራዘመ። ሁለተኛ ብርሌ ቀዳሁ፣ ግማሹ ተማረ። እንግዲህ ዕዳ አስረጅቼ መጠጥ ጨረስኩ ማለት ነው። በአስራ አንደኛው ቀን አያ መጡና «ያ ኮርቻ የሚሸተው ነገር በጤናው ነው?» አሉ። የቀረችውን ለሁለት ተካፈልናት። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንዲሉ፣ ለልጄ ያሰብኩትን ነገርኳቸው። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና «ጥጃ ግዛለት» አሉ።

ከወር በኋላ ባዶውን ጠርሙስ ይዤ ዳንግላ ወረድኩ። አማቴ ጠርሙሱን ተቀብለው እያገላበጡ አዩት፤ 20 የሚለውን ወረቀት በጥፍራቸው ፋቁት። አረቄ ሊይዙበት ነው። ከዚያ ጓዳ ገብተው፣ ብዙ ዕቃ ሲያነሡ ሲጥሉ ቆይተው፣ አፉ በሰም የተደፈነ አንዲት ትንሽ ቅል ይዘው ወጡ። ሰሙን በቢላ ጫፍ አነሡት። ማር ነው፤ እንደ ቡና የጠቆረ፣ እንደ ስኳር የረጋ። ሽታው ቤቱን ሞላው።

«ለንደን ያለው የተወለደ ዓመት የተቆረጠ ነው» አሉ።

ቁጥሩን በልቤ ደመርኩት። ከአርባ ዓመት በላይ! ያን ሁሉ ምሽት፣ ያ ሁሉ ንግግር፣ 10 ነው 20 ነው ሲባል፣ እሳቸው ይህን ቤታቸው ትተው መጥተው ዝም ብለው ያዳምጡን ኖሯል።

«እማማ፣ ታዲያ ያን ዕለት ምነው ሳይነግሩን?»

«እንግዳ ነበረ እኮ» አሉ፤ እንደ ተራ ነገር። «እንግዳ ፊት ይነገራል? ይሄ የበሽተኛ ነው። ለሳል፣ ለቁስል። አንተም ምጥ የያዛት ሚስትህን ይዘህ የመጣህ ሌሊት ከዚህ ነው የላሰችው።»

እንግዲህ ለካ አገሬ መጠጥ እንጂ ማር ማስረጀት አላቃታትም። ለእንግዳ ያለ ሁሉ በእንግዳ ያልቃል፤ ለታመመ ያለ ብቻ ይተርፋል። ጣቴ ወደ ቅሏ ስትሄድ ራሴን ያዝኩት።

«ትንሽ ልቅመስ?»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ምን አመመህ?»

አሰብኩ፤ ምንም አላመመኝም። አንድ ሁለቴ ሳልኩ።

«የዚያ ወይን ነው፤ ይለቅሃል» አሉና ሰሙን መልሰው ደፈኑት።